ብረት የማይፈውሰው የደም ማነስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አምቦንና ባኮን እያቋረጠ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ጎዳና፣ ነቀምቴ ለመግባት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሲሬን ያገኛታል። ሲሬ የሲቡ ሲሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ በቆሎው፣ ጤፉና ኑጉ ይዘራል፤ በቆላው ወገን ደግሞ ከክረምት መውጫ ጀምሮ ወባ ሰውን ታስተኛለች። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ጉልበቱ የከዳው፣ ፊቱ የገረጣ፣ ጥቂት ዳገት ሲወጣ ልቡ የሚደልቅ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ መርማሪው አስቀድሞ ወባን፣ ቀጥሎ የሆድ ትልን፣ ከዚያም የምግብ ጉድለትን ይጠረጥራል፤ በሴቶች ዘንድ ደግሞ ስለ ወሊድና ስለ ወር አበባ ይጠይቃል። ይህ አካሄድ የቀና ነው፤ አብዛኛው የደም ማነስ ከነዚህ ምክንያቶች በአንዱ የሚመጣ ነውና፣ የወባው መድኃኒትና የብረቱ ኪኒን ለብዙ ሰው ጤናን መልሰዋል።

ነገር ግን ወባ የሌለበት፣ ትል ያልተገኘበት፣ የብረቱን ኪኒን ሳያጓድል ወር ሁለት ወር የዋጠ፣ ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ ሰው፣ ይልቁንም ወገቡን ወይም ጎኑን እያመመው፣ ደሙ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ የደም ማነስ ራሱ ደዌ ሳይሆን የሌላ ኅቡእ ደዌ ምልክት መሆኑን ማሰብ ግዴታ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚያ ኅቡኣን ደዌያት አንዱን፣ ማለት በመቅኒ ውስጥ ከሚኖሩት ከፕላዝማ ሕዋሳት መታወክ የሚመነጨውን የደም ማነስ፣ ከዓይነቶቹም መካከል እጅግ ብርቅ የሆነውን፣ ለአንባቢ ማስተዋወቅ ነው።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ወደ አጥንት ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። መቅኒ፣ በግእዙ አንጉዕ የሚባለው፣ በሰው ሁሉ ዘንድ የሚታወቀው ከታረደ በሬ ቅልጥም ተመትቶ በሚወጣው ስብ ነው፤ በጎልማሳ ሰው ግን ደም የሚወለድበት ቀዩ መቅኒ በአብዛኛው በአከርካሪ፣ በጎድን፣ በደረት፣ በዳሌና በራስ ቅል አጥንቶች ውስጥ ይገኛል። በዚያ ስውር ስፍራ በእያንዳንዷ ሴኮንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ እያንዳንዱም መቶ ሃያ ቀን ያህል አየርን ከሳንባ ወደ አካል ሲያመላልስ ኖሮ፣ በጣፊያና በጉበት ይፈርስና ብረቱ ለአዲስ ሕዋስ መሥሪያ እንዲሆን እንደ ገና ወደ መቅኒ ይመለሳል። ይህን ሥራ የሚያዝዘው ኩላሊት ነው፤ ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ቅመም እየላከ «ሕዋስ ጨምር» ይለዋል። እንግዲህ የብረት ኪኒን የሚጠቅመው ጥሬ ዕቃው በጎደለ ጊዜ ነው። ትእዛዙ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው ሲታሰር፣ ብረቱ በጎተራ ሞልቶ ሳለ እንኳ ደም አይሠራም።

በዚያው መቅኒ ውስጥ፣ በጤናማ ሰው ዘንድ ከመቶ ሕዋሳት አምስት የማይሞሉ፣ ፕላዝማ ሕዋሳት የሚባሉ አሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ሞላላ ናቸው፤ አስኳላቸውም ወደ አንድ ጎን የተገፋ ነው። ሥራቸው ሰውነት ከዚህ በፊት የገጠመውን ጀርም ሁሉ እያስታወሱ ፀረ እንግዳ አካል የተባለውን የመከላከያ ፕሮቲን ማመንጨት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የፕላዝማ ሕዋስ ወገን የሚያወጣው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ካህናት በበዓለ ንግሥ ማኅሌት ሲቆሙ የግራው ከቀኙ እየተቀባበለ፣ የአንዱ ድምፅ የሌላውን ሳይሸፍን ዜማው አንድ እንደሚሆን፣ በጤናማ ሰው ደም ውስጥም እልፍ አእላፍ ፀረ እንግዳ አካላት ተመጥነው ይገኛሉ። ከነዚያ ሕዋሳት አንዷ ሥርዓትን ጥሳ ያለ ልክ የተባዛች እንደሆነ ግን፣ ልጆቿ ሁሉ ያንኑ አንዱን ፕሮቲን ብቻ ስለሚያመነጩ፣ የአንድ ሰው ጩኸት ማኅሌቱን እንደሚያውክ፣ ያ አንድ ፕሮቲን በደም ውስጥ ገንኖ ይወጣል። ይህን ገናና ፕሮቲን ከሌሎቹ ለይቶ ማየት የተቻለው፣ የስዊድኑ ሊቅ አርኔ ቲሴልዩስ እ.ኤ.አ. በ1937 የደም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል እየነዱ በየወገናቸው የሚለዩበትን ዘዴ ከገለጠ በኋላ ነው፤ ስለዚህም ሥራው በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የአገሩ ሰው ያን ቫልደንስትሮም ደግሞ በ1961 ከአንድ ወገን ብቻ የሚወጣውን ፕሮቲን ከብዙ ወገን ከሚወጣው ለይቶ ማየት እንደሚገባ አስተምሯል። በነቀምቴ ዘመናዊ ሆስፒታልን በማቋቋም የስዊድን ሚሲዮን ሐኪሞች ታላቅ ድርሻ ነበራቸውና፣ የነዚህ ሁለት ስዊድናውያን ስም ለወለጋ አንባቢ ፍጹም ባዕድ አይሆንበትም ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢን ከከንቱ ፍርሃት ማዳን ይገባል። ይህ አንድ ወገን ፕሮቲን በደሙ የተገኘ ሰው ሁሉ በጽኑ ደዌ ተይዟል ማለት አይደለም። በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ሐኪም ሮበርት ካይል እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ ፕሮቲኑ ኖሮባቸው ያለ ምንም ሕመም ዘመናቸውን የሚፈጽሙ ብዙዎች ናቸው። በዚያው አገር በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከአምሳ ከዘለቀው መካከል ከመቶ ሦስት ያህሉ ይህ ፕሮቲን የተገኘባቸው ሲሆን፣ በየዓመቱ ወደ ካንሰር የሚለወጥባቸው ከመቶው አንድ ያህል ብቻ ናቸው። በጋና ወንዶች ላይ የተደረገው ጥናት ግን ቍጥሩ ከዚህ እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የነጮች አገር ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለአፍሪካ ሐኪም አይገባውም።

ወደ ጽኑ ደዌ የተለወጠ ጊዜ ስሙ መልቲፕል ማየሎማ ይባላል። ታሪኩ የሚጀምረው በለንደን ከተማ ነው። ቶማስ አሌክሳንደር ማክቢን የተባለ የተከበረ ነጋዴ፣ ዕድሜው አርባዎቹን ያጋመሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ጎኑን ክፉኛ ያመው ጀመር፤ እየደከመና እየገረጣም ሄደ። የዘመኑ ሐኪሞች የሰጡት መድኃኒት ምን እንደነበረ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ብረትና ኩዊኒን ነበር። ዛሬ በሲሬ ለገረጣ ሰው የምናስበውን የብረትና የወባ መድኃኒት ያኔም በለንደን ሰጡት፤ በሽተኛውም ለጥቂት ጊዜ በርትቶ ወደ ስኮትላንድ እስከ መጓዝ ደርሶ ነበር። ኋላ ግን ሕመሙ ተመለሰበት። ሐኪሙ ዊልያም ማኪንታየር ሽንቱን ሲመረምር፣ ሲሞቅ የሚሟሟ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ገና የሚረጋ እንግዳ ነገር ስላገኘበት፣ ለኬሚስቱ ሐኪም ለሄንሪ ቤንስ ጆንስ ላከለት። ማክቢን በ1846 የመጀመሪያ ቀን ዐረፈ፤ ያ ፕሮቲን ግን እስከ ዛሬ በቤንስ ጆንስ ስም ይጠራል። ምንነቱ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በ1962 ኤደልማንና ጋሊ የፀረ እንግዳ አካሉ ቀላል ሰንሰለት የተባለው ክፍል መሆኑን አረጋገጡ።

በማየሎማ የደም ማነስ የሚመጣው በብዙ መንገድ ነው። የተባዙት ሕዋሳት መቅኒውን ይሞሉታል፤ የሚያወጡት ቅመም ጉበትን አነሣሥቶ ብረቱን በጎተራ ያስቆልፈዋል፤ ቀላሉ ሰንሰለት ኩላሊትን ሲጎዳው የኤሪትሮፖየቲን ትእዛዝ ይቋረጣል። ይህ ብርቅ አይደለም፤ በሜዮ ክሊኒክ ከሺህ በላይ በሽተኞች በተቈጠሩበት ጥናት፣ ደዌው በታወቀበት ዕለት ከመቶው ሰባ ሦስቱ ደም ያነሳቸው ነበሩ።

ብርቅ የሆነው ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በፕራግ ከተማ ፓውል ካዝኔልሰን የተባለው ሐኪም አንድ እንግዳ ነገር ገለጠ፤ ነጩ የደም ሕዋስ በቦታው፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም በቦታው ሳለ፣ ቀዩ ሕዋስ ብቻውን መወለድ ያቆማል። በሕክምና ቋንቋ ንጹሕ የቀይ ሕዋስ መምከን ልንለው እንችላለን፤ መቅኒው ለሌላው ሁሉ ወላድ ሆኖ ለቀዩ ብቻ መካን ሆኗልና። በመቅኒው ውስጥ የቀዩ ሕዋስ እናቶች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ልደት ተቋርጦ ሞት ብቻ ስለሚቀጥል፣ ደሙ በቀን ከመቶ አንድ እጅ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ አካሉም ዝግታውን እየለመደ ስለሚመጣ፣ ሰውየው በእግሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርስ በደሙ ውስጥ አየር የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር አራት ወይም አምስት ግራም ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ፓርቮቫይረስ የተባለው ተሐዋሲ፣ በደረት ውስጥ የሚገኘው የታይመስ እጢ ዕብጠት፣ አልፎ አልፎም ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ሊያመጡት ይችላሉ። ከምክንያቶቹም አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚታለፈው፣ ያ ከአንድ ወገን የፕላዝማ ሕዋስ የሚወጣው ፕሮቲን ነው። ሕዋሳቱ ጥቂት፣ ካንሰር ለመባል እንኳ የማይበቁ ሆነው ሳሉ፣ የቀዩን ሕዋስ እናት የሚያመክን ነገር ከነሱ ዘንድ ይወጣል ተብሎ ይገመታል። ጥቂትነታቸው ሐኪሙን ያዘናጋዋል፤ የደዌው ክፋት ግን በብዛታቸው አይለካም።

እንግዲህ ይህ ደዌ እንዴት ይታወቃል? ብዙ ሰው ብርቅ ደዌ የሚታወቀው በታላላቅ ከተማ ባሉ ውድ መሣሪያዎች ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን የመጀመሪያው ፍንጭ የሚገኘው እንደ ሲሬ ባለው ጤና ጣቢያ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው በአንዲት መስታወት ላይ አንዲት ጠብታ ደም ዘርግቶ በሚመለከትበት ጠረጴዛ ላይ ነው እላለሁ። ባለሙያው ያቺን መስታወት ያዘጋጀው ወባን ሊፈልግ ነው፤ ወባው ባይኖር እንኳ ዓይኑን አያንሣ። ቀዮቹ ሕዋሳት እንደ ተደረደረ ሳንቲም አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው ቢያይ፣ የደሙ ፕሮቲን መብዛቱን ይጠርጥር። ደሙን በቀጭን ብልቃጥ አቁሞ የሚዘቅጥበትን ፍጥነት የመለካት ጥበብም አለ፤ ይህንንም በዓለም ያስፋፉት ፎሬዉስና ቬስተርግሬን የተባሉ ሌሎች ሁለት ስዊድናውያን ናቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመቶ ሚሊሜትር በላይ የዘቀጠ ደም በአገራችን ብዙ ጊዜ ወደ ሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬ ይመራል፤ ከወገብ ሕመም ጋር ሲገናኝም የአከርካሪ ነቀርሳ ተብሎ ይታከማል። ነቀርሳም ስለሚበዛ ይህ ጥርጣሬ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተት የሚሆነው ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

በነቀምቴ ሆስፒታሎች ደረጃ ሬቲኩሎሳይት የሚባሉት ለጋ ቀይ ሕዋሳት ይቈጠራሉ። ደም የፈሰሰው ወይም ደሙ የፈረሰበት ሰው መቅኒው ተግቶ ስለሚሠራ ለጋው ይበዛል፤ ንጹሕ የቀይ ሕዋስ መምከን በያዘው ሰው ግን ለጋው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይህ አንድ ቍጥር፣ ዋጋው ርካሽ ሆኖ ሳለ፣ ጥያቄውን ከአንጀት ወደ መቅኒ ያዞረዋል። የኩላሊቱ ሥራና የካልሲየሙ መጠን ይለካሉ፤ የደረትና የአከርካሪ ራጅ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ የደም ሐኪም ወዳለበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል ሪፈር የሚጻፈው፤ በዚያም ከዳሌ አጥንት ቆዳው ደንዝዞ በመርፌ መቅኒ ይቀዳል፤ የደሙ ፕሮቲን በቲሴልዩስ ዘዴ ይለያል፤ የቀላል ሰንሰለቱ ሚዛን ይለካል። የመርፌውን ነገር ሰዎች እጅግ ይፈሩታል፤ ከጀርባ ከሚቀዳው ውሃ ጋር እያመሳሰሉም ሽባ ያደርጋል ይላሉ። መርፌው የሚገባው ከሕብለ ሰረሰር ርቆ በዳሌ አጥንት ስለ ሆነ፣ ሕመሙ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሽባም አያደርግም።

ይህን ስጽፍ ስለ አጥንቱ ጥቂት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በወለጋ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው አንጮቴ ማብላት የቆየ ልማድ ነው፤ አንጮቴም በካልሲየም የበለጸገ መልካም ምግብ ነው። ማየሎማ የያዘው ሰው አጥንት የሚሳሳው ግን ካልሲየም ጎድሎት ሳይሆን፣ ሕዋሳቱ አጥንቱን እየሸረሸሩ ካልሲየሙን ወደ ደም ስለሚያፈሱት ነው፤ ውሃ ጥሙ፣ የሆድ ድርቀቱና መፍዘዙ ከዚያ ይመጣሉ። ወገቡን ያመመው ሽማግሌ ወደ ወጌሻ ሄዶ ሲታሽ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል፤ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ እየገዛ ሲወጋ ወይም ሲውጥ ደግሞ አስቀድሞ የተጎዳው ኩላሊቱ ጨርሶ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ወገቡን ያመመው ሰው ፊቱም ከገረጣ፣ ከመታሸቱና ከመርፌው በፊት የደም ምርመራ ይቅደም።

ስለ ሕክምናው ስንናገር፣ አስቀድሞ የሚደረገው ደም መስጠት ነው። በዚህም ላይ አንድ ችግር አለ፤ ያ የበዛው ፕሮቲን ሕዋሳቱን እያነባበረ፣ የለጋሹና የተቀባዩ ደም የማይስማማ እንዲመስል ያደርጋል። ሙያውን የሚያውቅ የላቦራቶሪ ሰው ፈሳሹን በጨው ውሃ ተክቶ ሲያየው፣ የተነባበረው ይበተናል፤ በእውነት የማይስማማው ግን እንደ ተያያዘ ይቀራል። ደም መስጠት ሕይወትን ያቆያል እንጂ ደዌውን አይፈውስም፤ በእያንዳንዱም ከረጢት ሁለት መቶ ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ብረት ስለሚገባ፣ ዓመት ሙሉ ደም ሲቀበል የኖረ ሰው በተራው ብረት በዝቶበት ጉበቱና ልቡ ሊጎዱ ይችላሉ። እንዲህ ላለው ሰው የብረት ኪኒን መጨመር ጉዳት መጨመር ነው።

ዋናው ፈውስ ምክንያቱን መከተል ነው። ከመድኃኒት የመጣ እንደሆነ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ይለወጣል፤ የነቀርሳ መድኃኒትን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከደም ማነሱ የከፋ ጥፋት ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ እንደሆነ ፕሬድኒሶሎን፣ ካልሆነም ሳይክሎስፖሪን ይሰጣል። በአገራችን ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ነቀርሳና ስትሮንጊሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል መመርመር አለባቸው፤ መድኃኒቱ የሰውነትን ዘብ ስለሚያስተኛ፣ ተኝቶ የኖረው ትል በመላ አካል ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ከፕላዝማ ሕዋስ የመጣው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ለነዚህ መድኃኒቶች አይበገርም ወይም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይበገራል፤ ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ፕላዝማ ሕዋሱ ሲያዞሩና በማየሎማ መድኃኒት ሲያክሙት ግን፣ ለዓመታት በሰው ደም የኖሩ በሽተኞች የራሳቸውን ደም እንደ ገና የሠሩበት ጊዜ ተመዝግቧል።

ከነዚያ መድኃኒቶች ዋናው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ ነው። ሕዋስ ሁሉ ያረጀውንና የተበላሸውን ፕሮቲን የሚፈጭበት ወፍጮ አለው፤ ቦርቴዞሚብ ይህን ወፍጮ ያቆመዋል። ሌላው ሕዋስ ለጊዜው ይችለዋል፤ ሌሊትና ቀን ፕሮቲን የሚያመርተው የፕላዝማ ሕዋስ ግን በራሱ ውዳቂ ታንቆ ይሞታል። መድኃኒቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ የእግር መደንዘዝ ያመጣል፤ አልማዝ ባለጭራንም ስለሚቀሰቅስ አሲክሎቪር አብሮ ይታዘዛል። ከሱ በፊት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሜልፋላን ከፕሬድኒሶሎን ጋር በአፍ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬም ርካሽ ስለ ሆነ አልተጣለም። ታሊዶማይድ፣ በማሕፀን ያሉ ሕፃናትን እጅና እግር በማሳጣት የታወቀው፣ በ1999 ለማየሎማ እንደሚጠቅም ተረጋገጠ፤ ለነፍሰ ጡር ግን ፈጽሞ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ቦርቴዞሚብን፣ ሌናሊዶማይድንና ታሊዶማይድን ለማየሎማ እንዲያገለግሉ በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ይህም ማለት መንግሥታት እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደሚገባ ነገር እንዲያቀርቧቸው ተጠይቀዋል ማለት ነው፤ በእኔም ፍርድ የወለጋ ገበሬ ይህን መድኃኒት በነቀምቴ ሊያገኘው ይገባል እንጂ፣ በየሳምንቱ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ሊወጋ አይገባውም።

ይህን የምታነብ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ፣ የብረት ኪኒን አንድ ወር ሙሉ ውጦ ሄሞግሎቢኑ በአንድ ግራም እንኳ ያልጨመረ ሰው ቢኖር፣ ሁለተኛ ሣጥን ኪኒን ከመግዛት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያው መልሰህ ውሰደውና፣ ደሙ በመስታወት ላይ እንዲታይ፣ የሚዘቅጥበት ፍጥነት እንዲለካና ለጋ ቀይ ሕዋሱ እንዲቈጠር ጠይቅለት።